የኬንያታና የንክሩማ የስለላ ፋይሎች፦ ማን ጻፋቸው፣ እንዴትስ ይነበባሉ?

ጥያቄ፦ «ለንደን የምኖር የታሪክ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እንግሊዞች በኬንያው ጆሞ ኬንያታና በጋናው ክዋሜ ንክሩማ ላይ ያጠናቀሯቸውን የስለላ ፋይሎች ላነብ ነው። ማን ነበር የሚከታተላቸው? በምን ዘዴ? ፋይሉ ላይ የሰፈረውንስ ምን ያህል ልመነው? ደግሞ የተቃጠለ ብዙ ሰነድ አለ ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?»

ምላሽ፦ የመጨረሻውን ላስቀድም። አዎ፣ ተቃጥሏል። ዝርዝሩን ወደ ታች እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሥራዎን ከጅምሩ ሊያበላሽ የሚችለውን ነገር ልንገርዎ። እነዚህ ፋይሎች የአንድ ሰው ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ አይደሉም። አራት አምስት እጅ ያለፈባቸው ወረቀቶች በአንድ ገመድ የታሰሩባቸው ናቸው። የትኛው ወረቀት ከየትኛው እጅ እንደመጣ ሳይለዩ ካነበቡ፣ አንድ ጆሮ ጠቢ አንድ ቀን የተናገረውን ወሬ የአምስት ምስክር ቃል አድርገው ይወስዱታል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እጆቹን እንለይ። ለንደን ውስጥ ዋናው ኤምአይ 5 የሚባለው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ኤምአይ 6 የውጭ አገር ስለላ ሲሠራ፣ ቅኝ ግዛቶቹ እንደ እንግሊዝ መሬት ስለሚቆጠሩ የኤምአይ 5 ድርሻ ነበሩ። ለዚህ ነው የኬንያታና የንክሩማ የግል ፋይሎች እዚያ የሚገኙት። ሁለተኛው የለንደን ፖሊስ ልዩ ቅርንጫፍ፣ ማለትም ስፔሻል ብራንች ነው። ሲቪል ለብሶ አዳራሽ ገብቶ ስብሰባ የሚያዳምጠው፣ ወደብ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ የሚመዘግበው እሱ ነው። ሦስተኛው በየቅኝ ግዛቱ የተቋቋመው የፖሊስ ልዩ ቅርንጫፍ ነው፤ በአክራና በናይሮቢ ጆሮ ጠቢዎችን የሚያሰማራውና የሚከፍላቸው እሱ ነበር። አራተኛው አገረ ገዥውና በለንደን ያለው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ናቸው። በ1948 የአክራው ረብሻ ሚኒስቴሩን ስላስደነገጠው፣ አገረ ገዥዎች ሁሉ በየወሩ የፖለቲካ መረጃ ሪፖርት እንዲልኩ ታዘዘ። በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ኤምአይ 5 በየቅኝ ግዛቱ ያስቀመጠው የደኅንነት አገናኝ መኮንን አለ። ይህ ሰው ራሱ ጆሮ ጠቢ አያሰማራም፤ ሥራው በለንደንና በቅኝ ግዛቱ መካከል ወረቀት ማመላለስና ማማከር ነበር።

አሁን ወደ ዘዴው። ከሁሉ ብዙ ወረቀት ያፈራው የፖስታ ፍተሻ ነው። ኤምአይ 5 የሰውዬውን ስምና አድራሻ ጠቅሶ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ያመለክታል፤ ሚኒስትሩ ማዘዣውን ይፈርማል፤ ማዘዣው ወደ ፖስታ ቤቱ ልዩ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ደብዳቤው በእንፋሎት ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ተመልሶ ይታሸግና ለባለቤቱ ይላካል። ማዘዣው ለስልክም ያገለግላል። ፋይሉ ውስጥ የሚያገኙት አንዳንዴ የደብዳቤው ፎቶ፣ አንዳንዴ በታይፕ የተገለበጠ ቃል፣ አንዳንዴም «እገሌ ለእገሌ ጻፈ» የምትል ሁለት መስመር ማጠቃለያ ብቻ ነው። ሦስቱን እኩል አይመኗቸው። ማጠቃለያው ላይ የሚያነቡት የአጠቃላዩን አእምሮ ነው። በኬንያው የኪኩዩ ወይም በጋናው የቱዊ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ብቻ ስለሚሆን፣ ተርጓሚው የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ባልደረባ ሊሆን እንደሚችል ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ።

ሁለተኛው ዘዴ ማይክሮፎን ነው። የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ለንደን ኮቨንት ጋርደን ኪንግ ስትሪት ቁጥር 16 ነበር። ኤምአይ 5 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያ ድብቅ ማይክሮፎን አስገብቶ ለዓመታት አዳምጧል። ከዚያ የተገኘው መረጃ «ቴብል» በሚል የምስጢር ስም ይጠራ ነበር። ንክሩማ በ1945 ከአሜሪካ ወደ ለንደን መጥቶ ከፓርቲው ሰዎች ጋር መገናኘት ሲጀምር ኤምአይ 5 ዓይኑን የጣለበት በዚህ በኩል ነው፤ ፓርቲውን ሲከታተሉ የፓርቲው ጎብኚም አብሮ ተመዘገበ። ይህ ለንባብዎ ትልቅ ትርጉም አለው። መረጃው የሚሰበሰበው ኮሚኒስቶች ከሚገናኙበት ቤት ከሆነ፣ ፋይሉ ውስጥ የሚታየው ንክሩማ ከኮሚኒስቶች ጋር ያለው ንክሩማ ብቻ ነው። በግሬይስ ኢን ሮድ ከነበረው የምዕራብ አፍሪካ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ከምዕራብ አፍሪካ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና ጋዜጠኞች ጋር ያደረገው ሰፊ ሥራ ግን ማይክሮፎን በሌለበት ስለነበር በጣም ሳስቶ ይታያል። ተመራማሪው ይህን ካላሰበበት፣ የመረጃ አሰባሰቡን መዛነፍ የሰውዬው መዛነፍ ያደርገዋል። የማይክሮፎን ግልባጭ ሲያነቡም የአፍሪካ ስሞች አጻጻፍ ላይ ይጠንቀቁ፤ ጸሐፊው በጆሮው የሰማውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደመሰለው ነው የጻፈው።

ሦስተኛው ሰው ነው፤ ጠቋሚ። ስሙ በፋይሉ ላይ አይወጣም፤ «ታማኝ ምንጭ»፣ «በጥሩ ቦታ ያለ ምንጭ» እየተባለ ይጠቀሳል። ማንነቱን በግምት ለማወቅ አይሞክሩ። ለጥናቱ የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ስብሰባው ውስጥ ተቀምጦ ሰምቷል ወይስ ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው? ጥሩ ሪፖርት ይህን ይለያል፣ መጥፎው ይሸፋፍነዋል። የተገመተ ስም በጽሑፍዎ ውስጥ ካስገቡ ደግሞ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዛሬም በዚያው መንደር ሊኖሩ ይችላሉ።

አሁን ፋይሉን በእጅዎ እንያዘው። ከፊት ለፊት የማስታወሻ ቅጽ ያገኛሉ፤ መኮንኖቹ ቁጥር፣ ቀንና የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት እያኖሩ እርስ በርስ የሚጻጻፉበት ነው። ከሱ ቀጥሎ ሰነዶቹ አሉ። እያንዳንዱ ሰነድ ተራ ቁጥርና ፊደል አለው፣ ለምሳሌ 45ሀ፣ 46ሀ፣ 46ለ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች ስለሆነ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ ፊት ማንበብ ይሻላል። የማስታወሻ ቅጹን ፎቶ አንሥተው ከሰነዶቹ ጎን ያድርጉት። «45ሀን ተመልከት፣ ይህ ሰው ያጋነነ ይመስለኛል» የሚል የመኮንን አስተያየት ከሰነዱ ይልቅ ሊጠቅምዎ ይችላል፤ ብዙ ተማሪ ግን የእጅ ጽሑፉ ስለሚያስቸግረው ዘሎት ያልፋል።

ከሰነዶቹ መካከል በብዛት የሚያጋጥምዎ «ቅንጭብ» የሚባለው ቅጽ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ አንድ ሪፖርት አምስት ሰው ከጠቀሰ፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊዎች ለእያንዳንዱ ሰው የሚመለከተውን አንቀጽ በታይፕ ገልብጠው በየግል ፋይሉ ያስገባሉ። ቅጹ ላይ ቅንጭቡ የገባበት ፋይል ቁጥርና ስም፣ ዋናው ሰነድ የሚገኝበት ፋይል ቁጥር፣ የሰነዱ ቀን፣ የተገለበጠበት ቀንና የገልባጩ ስም ይሞላል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያ አንቀጽ ከኤምአይ 5 ወደ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር በደብዳቤ ይሄዳል፤ ሚኒስቴሩ ለአገረ ገዥው ይነግረዋል፤ አገረ ገዥው በወርኃዊ ሪፖርቱ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጽፈዋል፤ ሪፖርቱ ለንደን ሲደርስ ደግሞ እንደገና ተቀንጭቦ እዚያው ፋይል ውስጥ ይገባል። አሁን አንድ ወሬ ሁለት ቦታ፣ ከሁለት መሥሪያ ቤት የመጣ መስሎ ተቀምጧል። መኮንኖቹ ራሳቸውም አንዳንዴ በዚህ ይታለሉ ነበር።

መከላከያው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ማስታወሻ ሲይዙ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ የሰነዱ ተራ ቁጥር፣ ሰነዱ የተጻፈበት ቀን፣ ነገሩ ተፈጸመ የተባለበት ቀን፣ ጸሐፊው፣ ተቀባዩ። ሁለቱ ቀኖች በሳምንታት የሚራራቁ ከሆነ ሰነዱ የዓይን እማኝ ቃል የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሁለት ሰነዶች አንድ ዓይነት የአነጋገር ስሕተት ወይም አንድ ዓይነት የተሳሳተ የስም አጻጻፍ ካላቸው አንዱ ከሌላው ተገልብጧል፤ እንደ አንድ ምስክር ይቁጠሯቸው።

ባዶ ቦታም ራሱን የቻለ ንባብ ይፈልጋል። አንዳንድ ገጽ ላይ ይህ ቅጂ ነው፣ ዋናው ሰነድ በ1958 የሕዝብ መዛግብት አዋጅ አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት በመሥሪያ ቤቱ ቀርቷል የሚል ማኅተም ያያሉ። ይህ ማለት የሚያነቡት ገጽ ቃላት ተሸፍነውበት የተቀዳ ነው ማለት ነው። የተሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ የሰው ስም ወይም መረጃው የተገኘበት ዘዴ ነው። የሽፋኑ ርዝመት፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ሰዋስው ምን ዓይነት ቃል እንደወጣ ይጠቁማል፤ ቃሉን ራሱን ግን ገምተው አይሙሉት። ተራ ቁጥሩ ከ61 ወደ 64 ከዘለለ የማስታወሻ ቅጹን ይመልከቱ፤ ሰነዱ መወገዱ ወይም ወደ ሌላ ፋይል መዛወሩ እዚያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ምን ያህል ልመነው ለሚለው ጥያቄዎ ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ ሁለት ቦታ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

የመጀመሪያው አክራ 1948 ነው። የካቲት 28 ቀን የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታቸውን ይዘው የአገረ ገዥው መቀመጫ ወደሆነው ክርስቲያንስቦርግ ግንብ ሲያመሩ አንድ የፖሊስ መኮንን ተኩሶ ሦስቱን ገደለ፤ ከተማው ተቃጠለ፤ በረብሻው ጊዜ የሞቱት በጠቅላላው 29 ሆኑ። በመጋቢት ወር ንክሩማን ጨምሮ ስድስት መሪዎች ታሰሩ። ንክሩማ ዘንድ ሁለት ነገር ተገኘ፦ ያልተፈረመበት የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ የአባልነት ካርድና «ዘ ሰርክል» ስለሚባል ምስጢራዊ ቡድን የሚገልጽ ጽሑፍ። ጉዳዩን ያጣራው የዋትሰን ኮሚሽን ጽሑፉን በሪፖርቱ አባሪ አድርጎ አወጣው፤ ንክሩማም ስለ ካርዱ ተጠየቀ፤ ወደ ስብሰባዎቻቸው ለመግባት የያዘው እንደሆነ መለሰ። አሁን ይህን ከኤምአይ 5 የግል ፋይል ጋር ያስተያዩት። በኤምአይ 5 ውስጥ የነበረው ግምት ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ከሚሰማው ጩኸት በጣም የተረጋጋ ነበር፦ ሰውዬው ከኮሚኒዝም ጋር የተጠጋው ለራሱ የነጻነት ዓላማ ድጋፍ ፈልጎ ሊሆን ይችላል የሚል። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ፣ ሁለት ንባብ። አክራ ላይ ለረብሻው ተጠያቂ የሚፈልግ ባለሥልጣን ካርዱን እንደ ማስረጃ ሲያነሣው፣ ማይክሮፎኑን ሲያዳምጥ የኖረው መኮንን ግን የፓርቲው ሰዎች ራሳቸው ንክሩማን ምን ያህል እንደሚያምኑት ያውቅ ነበር። ስለዚህ «እንግሊዞች ንክሩማን ኮሚኒስት ነው ብለው ያምኑ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጻፉ። የትኛው እንግሊዛዊ፣ መቼ፣ ለማን ሲጽፍ እንደሆነ ይግለጹ። ንክሩማ በጥር 1950 እንደገና ታስሮ፣ በየካቲት 1951 እስር ቤት ሆኖ ምርጫውን ሲያሸንፍ አገረ ገዥው አርደን ክላርክ ፈትቶት መንግሥት እንዲመሠርት ያደረገው የቅኝ ግዛቱ ስሌት ስለተቀየረ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉት የ1948 ወረቀቶች ግን አንድ ቃል አልተለወጠባቸውም።

ሁለተኛው ኬንያ 1952 ነው፣ ይህ ደግሞ በጣም የሚያሳዝን ነው። ኬንያታ በ1929 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር መልእክተኛ ሆኖ ለንደን ከመጣ ጀምሮ ይከታተሉታል። በዚያው ዓመት ሞስኮ ሄዷል፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም ተመልሶ እዚያ በሐሰት ስም ተምሯል። ይህ እውነት ነው፣ ፋይሉም በትክክል ይዞታል። በ1946 አገሩ ገባ፤ በ1947 የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት ፕሬዚዳንት ሆነ። ጥቅምት 20 ቀን 1952 አገረ ገዥው ባሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ «ጆክ ስኮት» በሚባለው ዘመቻ ኬንያታና ከመቶ በላይ መሪዎች ተያዙ። የኤምአይ 5 ዋና ኃላፊ ፐርሲ ሲሊቶ በኅዳር ወር ራሱ ናይሮቢ ድረስ ሄዶ የኬንያን ልዩ ቅርንጫፍ አሠራር መረመረ፤ ያገኘው በሥራ የተጨናነቀ፣ በወረቀት የተዋጠና ለገጠሩ ሕዝብ ሩቅ የሆነ መሥሪያ ቤት ነበር። በ1953 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሲሊቶ ለባሪንግ ጻፈለት፤ ቁም ነገሩ ኬንያታ ወይም በእንግሊዝ ያሉ ጓደኞቹ ማው ማው በሚባለው የኬንያ የትጥቅ አመፅ እንቅስቃሴ በቀጥታ እንደሚሳተፉ፣ ወይም ኬንያታ እንቅስቃሴውን ለመምራት በሚችልበት ሁኔታ ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ምንጮቻችን አላገኙም የሚል ነበር።

ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ ኬንያታ ማው ማውን መርቷል በሚል የተከሰሰበት ችሎት በካፔንጉሪያ እየተካሄደ ነበር። ችሎቱ የተመረጠው ከናይሮቢ በጣም ርቆ በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ነው። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሮሰን ማቻሪያ፣ ኬንያታ የማው ማውን መሐላ ሲያስምል አይቻለሁ አለ። ሚያዝያ 8 ቀን 1953 ዳኛው ራንስሊ ታከር ሰባት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ፈረደበት። ዳኛው ከመንግሥት 20 ሺህ ፓውንድ ተከፍሎታል። ማቻሪያም ለምስክርነቱ በእንግሊዝ አገር ትምህርትና ወጪው ተዘጋጅቶለት ነበር፤ በ1958 በመሐላ በተሰጠ ጽሑፍ የመሰከርኩት ሐሰት ነው ብሎ ወጣ፤ የታሰረውም ያኔ ነው፣ በዚህኛው ጽሑፍ ምክንያት። እንግዲህ ያስቡት፦ ለሃያ ሦስት ዓመት ያህል የሰውዬውን ፋይል የያዘው መሥሪያ ቤት የለም ያለውን ነገር፣ ችሎቱ በአንድ የተገዛ ምስክር ቃል አለ አለ። በ1960 እንኳን አገረ ገዥው ሬኒሰን ኬንያታን ወደ ጨለማና ወደ ሞት የሚመራ መሪ ብሎ በአደባባይ ጠርቶታል። ስለላው እዚህ ላይ አልተሳሳተም፤ ግኝቱ የፖለቲካውን ፍላጎት ስላልተከተለ ተቀባይ አጣ። የኬንያታን ፋይል ሲያነቡ «ምን አወቁ» ከሚለው ጎን «ያወቁትን ማን አነበበው፣ ምንስ አደረገበት» የሚለውን ካልጠየቁ የፋይሉ ትልቁ ነገር ያመልጥዎታል።

ወደ ተቃጠለው እንመለስ። በግንቦት 1961 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ኢየን ማክላውድ ለአገረ ገዥዎች በተላለፈ መመሪያ ለአዲሱ መንግሥት የማይተላለፉትን ወረቀቶች ዘረዘረ፦ የእንግሊዝን መንግሥት የሚያሳፍሩ፣ ፖሊስን፣ ወታደርን፣ የመንግሥት ሠራተኛን ወይም ጠቋሚን የሚያሳፍሩ፣ የስለላ ምንጭን የሚያጋልጡ፣ የተተኪው መንግሥት ሚኒስትሮች አላግባብ ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ። በኬንያ ፋይሎቹ ሁለት ተከፈሉ። ለአዲሱ መንግሥት የሚተላለፉት «ሌጋሲ»፣ የሚደበቁት «ዎች» ተባሉ። «ዎች» የተባሉት ላይ ማኅተም ይመታል፤ እነሱን መንካት የሚችለው የአውሮፓ ዝርያ ያለው እንግሊዛዊ ሠራተኛ ብቻ ነበር። አንድ ሰነድ ከሌጋሲ ፋይል ሲወጣ ጉድለቱ እንዳይታወቅ ቦታውን የሚሸፍን ምትክ ወረቀት እንዲገባ ታዟል። የሚቃጠለው አመድ እስኪሆን፣ አመዱም እስኪሰባበር እንዲቃጠል፣ ማቃጠል ካልተቻለ ደግሞ ወረቀቱ ክብደት ባለው ሣጥን ታሽጎ ከባሕር ዳር ርቆ፣ ጥልቅና ሞገድ በሌለበት ውኃ እንዲጣል መመሪያው ይፈቅዳል። በኡጋንዳ ሥራው «ኦፐሬሽን ሌጋሲ» ተብሎ ስለተጠራ፣ ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ስም ለሁሉም ቅኝ ግዛት ይጠቀምበታል።

ያልተቃጠለው በአውሮፕላንና በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተጋዘ። ከኬንያ ብቻ ወደ 1,500 የሚጠጉ ፋይሎች፣ 300 ሣጥን ያህል፣ ሄደዋል። ኬንያ በ1967 ይመለሱልኝ ብላ ጠይቃ ተከልክላለች። በኋላም ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግቢ ተቀምጠው ኖሩ። የወጡት በታሪክ ተመራማሪዎች ልመና አይደለም፤ በማው ማው ጊዜ የተሠቃዩ ኬንያውያን አረጋውያን በ2009 የእንግሊዝን መንግሥት ከሰሱ፣ ለክሱ ምስክር የሆኑት የታሪክ ሊቃውንት ሰነድ መደበቁን አሳዩ፣ በ2011 መንግሥት መኖሩን አመነ። በሰኔ 2013 ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ፤ ከ2012 እስከ 2013 ባለው ጊዜም ወደ 20 ሺህ የሚደርሱ የ37 የቀድሞ ግዛቶች ፋይሎች ለሕዝብ ተከፈቱ። ለእርስዎ ሥራ ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቅሙት የማቃጠያ ምስክር ወረቀቶች ናቸው፤ የተቃጠለውን ፋይል ይዘት ባያገኙም ርዕሱንና ቀኑን የያዙ አሉ። አንድ ርዕሰ ጉዳይ በኤምአይ 5 ፋይል ተጠቅሶ በቅኝ ግዛቱ በኩል ምንም ካጡ፣ «አልነበረም» ከማለትዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ።

አሁን የት ይፈልጉ? ለንደን ስለሆኑ ዕድለኛ ነዎት፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ በዲስትሪክት መስመር ኪው ጋርደንስ ከሚባለው ጣቢያ አጠገብ ነው። መዝገብ ማውጫው ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እዚህ እንደሚነበቡት አስቀምጣቸዋለሁ። የኤምአይ 5 የግል ፋይሎች «ኬቪ 2» ናቸው፤ ብዙዎቹ በዲጂታል ስለሚገኙ ቤትዎ ሆነው ይጀምሩ። ከቅኝ ግዛቶች የተጋዙት «ኤፍሲኦ 141» ናቸው። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የመረጃና ደኅንነት ክፍል «ሲኦ 1035»፣ የሚኒስቴሩ ምስጢራዊ ደብዳቤዎች «ሲኦ 537»፣ የምሥራቅ አፍሪካ «ሲኦ 822»፣ የዋትሰን ኮሚሽን ወረቀቶች «ሲኦ 964» ናቸው። አንድ ክስተት መርጠው በሦስቱ፣ ማለትም በኬቪ፣ በሲኦና በኤፍሲኦ ውስጥ ይከተሉት፤ ያኔ እጆቹ ይለዩልዎታል። ከዚያ የአክራውንና የናይሮቢውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢያክሉ ደግሞ የተሻለ።

ስም ሲፈልጉ ብዙ አጻጻፍ ይሞክሩ። ኬንያታ በድሮ ወረቀት ጆንስተን ካማው ወይም ጆንስተን ኬንያታ ነው፣ ጆሞ የሚለው በኋላ የመጣ ነው። ንክሩማ ፍራንሲስ ንክሩማ ተብሎ ተመዝግቧል። ከሁለቱም ጋር የሠራው የትሪኒዳድ ተወላጅ የጆርጅ ፓድሞር ስምም ራሱ ያወጣው ነው፣ የትውልድ ስሙ ማልኮም ነርስ ነው። በአንድ ስም ብቻ ፈልገው «ፋይል የለውም» ብለው እንዳይደመድሙ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚነካ አንድ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ጣልያን በ1935 ሊወረን ሲዘጋጅ ለንደን ውስጥ የአቢሲኒያ ዓለም አቀፍ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ የትሪኒዳዱ ሲ.ኤል.አር. ጄምስ፣ ጸሐፊው ኬንያታ ነበር። ማኅበሩ በ1937 ፓድሞር ወደሚመራው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ አገልግሎት ቢሮ ተለወጠ፤ ከሱ መሪዎች አንዱ የነበረው ዋላስ ጆንሰን በ1938 ወደ ሴራሊዮን ሲመለስ ጋዜጣው ወደብ ላይ ተያዘበት፣ ጦርነቱ ሲጀመርም ታሰረ። ለእኛ የተሟገተችው ሲልቪያ ፓንክረስትም በ«ኬቪ 2» ውስጥ ፋይል አላት። ስለዚህ ኢትዮጵያን የሚመለከት ማስረጃ ከፈለጉ በኢትዮጵያ ስም ብቻ አይፈልጉ፤ በእነዚህ ሰዎች ስም ይግቡ። ከግንቦት 1936 ወዲህ ያሉትን የስብሰባ ሪፖርቶች በዚያው ወር ፓንክረስት ከጀመረችው ከ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ ጋር ማስተያየት ራሱን የቻለ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።

የፈረንሳይን ወይም የፖርቱጋልን ማነጻጸር ካስፈለገዎ አጭሩን ልበል። ፈረንሳዮች በፓሪስ የነበሩ አፍሪካውያንን፣ እንደ ላሚን ሴንጎርና ጋራን ኩያቴ ያሉትን፣ ይከታተሉበት የነበረው «ስሎትፎም» የሚባለው ክምችት በኤክስ አን ፕሮቫንስ ቤተ መዛግብት ይገኛል። እዚያ ጠቋሚዎቹ በምስጢር ስም ስለሚጽፉና ሪፖርታቸው ረጅም ስለሆነ የስብሰባ ንግግር ከእንግሊዞቹ የበለጠ ያገኛሉ። ፒዴ የሚባለው የፖርቱጋል ምስጢራዊ ፖሊስ መዝገብ ሊዝበን ቶሬ ዶ ቶምቦ ነው።

የንባብ ቲኬት ለማውጣት ፎቶ ያለበት መታወቂያና አድራሻዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ፤ ቲኬቱ በነጻ ነው። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም፤ በራስዎ ካሜራ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። ፎቶ ሲያነሡ በመጀመሪያ የፋይሉን ሽፋን ከነቁጥሩ ያንሡ፣ ከዚያ የማስታወሻ ቅጹን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሰነድ ተራ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ፣ ጀርባውንም ጭምር፤ ማን እንዳነበበው የሚጠቁሙ ፊርማዎችና ቀኖች ብዙ ጊዜ ጀርባ ላይ ናቸው። ፋይሎቹ የገጽ ቁጥር ስለሌላቸው በግርጌ ማስታወሻ ክምችቱን፣ የፋይሉን ቁጥር፣ የሰነዱን ተራ ቁጥርና ቀኑን ይጥቀሱ።

«ዝግ» የሚል ምልክት ያለው ፋይል ካጋጠምዎ በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ለቤተ መዛግብቱ ማመልከት ይችላሉ፤ መልስ መስጠት ያለባቸው በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ነው፣ ቀኑ ሊራዘም ግን ይችላል። ይህ ለኤፍሲኦና ለሲኦ ፋይሎች ይሠራል። ኤምአይ 5 ራሱ ከዚህ ሕግ ውጭ ስለሆነ በቀጥታ ለእሱ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ማመልከቻዎን በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ያድርጉ፣ ቁጥሩንና የፈለጉበትን ዓመት ይጻፉ፤ «ስለ ኬንያታ ያለውን ሁሉ» የሚል ጥያቄ በጣም ሰፊ ነው ተብሎ ይመለስብዎታል።